የኔትወርክ ማማውና የጋሽ ይመር ፍየል

አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዣት እዞራለሁ። ኔትወርክ የሚወድ ሰው ሁሉ ማማውን ለምን ይጠላል?

አትሳቁ። ወተቷን እየጠጡ ላሟን መጥላት አይሆንም እንዴ? የከተማ ፕላን ስማር ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ አንድ ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ዓይን አፋር ነኝ፤ ለእኔ እጅ ማውጣት ራሱ ማማ እንደማቆም ነው። በመጨረሻ እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ አወጣሁ። መምህሩ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና ሌላ ምዕራፍ ገለጡ።

ዛሬ አሶሳ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ ከተማው ውስጥ ምን የት ይቁም የሚለውን ማሰብ ነው። ማሰብ አልኩ እንጂ መናገር አላልኩም። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲመጣልኝ ወረቀት ላይ ጽፌ ለአለቃዬ ለአቶ ገመቹ አቀብላለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ያደርጉና የራሳቸው አስመስለው ያነቡታል። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው። የገዛ ሐሳቤ በእሳቸው ድምፅ ሲነበብ እኔንም ያሳምነኛል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? እዚህ አገር ሰው ወርቅ የሚያገኘው ወንዝ ወርዶ አሸዋ አጥቦ ነው። እኔ ግን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ባለጸጋ ሆኛለሁ።

እንግዲህ የስልክ ማማና አንቴና የት የት እንዲቆም የሚወስን ደንብ ይረቀቅ ተባለ። አረቀቅኩ። ከአንቀጾቹ ሁሉ የምኮራው በአንዷ ነበር። «ማማ ከማንኛውም መኖሪያ ቤት ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል ይራቅ» ትላለች። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ ማማው ቢወድቅ ሜዳ ላይ ይውደቅ፣ የሰው ምሳ ላይ አይውደቅ። የሣር ጎጆ ያለው ሰው እንዳይረሳ ብዬ ደግሞ «ቤቱ ከምንም ይሠራ ከምን» የምትል ጨመርኩባት። ደግነቴ ነው። የደግነቴን መዘዝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ከኩይሳው ጋር ላስተዋውቃችሁ።

የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ባለ ባጃጁ «ከዚህ በላይ አልሄድም» የሚልበት ቦታ ላይ ነው። ኮረብታ ስለሚጋርደን ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ መሐል፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው የምስጥ ኩይሳ አናት ላይ። ምስጥ በር ይበላል፣ አልጋ ይበላል፣ የእኔን የመመረቂያ ጽሑፍ ከነጥራዙ በልቶታል። (እስካሁን ከመጨረሻው ገጽ የደረሰ ብቸኛ አንባቢ እሱ ነው።) ለኩይሳው ሲባል ግን ሰፈሩ ሁሉን ይቅር ብሎት ነበር። መደወል የፈለገ ተራ ይይዛል፣ በጎኑ የተቆፈሩትን እርከኖች ረግጦ ይወጣል፣ ወደ ሱዳን ዞሮ ይጮኻል። ወደ ሱዳን ያልዞረ አይሰማለትም።

ከሥር ተራ የሚጠብቀው ሕዝብስ? ይሰማል እንጂ! ሰምቶም ዝም አይልም። የሰፈሩ ልማድ ነው፤ ኩይሳው ላይ የተባለ ነገር የሁሉም ነው። አንድ ቀን አንድ ባለ ባጃጅ ወጥቶ ሸርቆሌ ላለች ልጅ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆመ። «ምን አለች?» አሉት ከሥር ተራ የሚጠብቁት ጎረቤታችን ጋሽ ይመር። «ላስብበት አለች።» «አብሽር! እናቷን አስጠራ። ነገር በእናት ሲጀመር ነው የሚያምር!» እናት ተጠሩ። ሰልፈኛው በሙሉ በየተራው «መልካም ልጅ ነው» እያለ ሽቅብ ጮኸ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ የበዛበት ጋብቻ በአገሩ ታይቶ አያውቅም። ዘንድሮ መንታ ወልደዋል።

እኔ ግን አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። እዚያ ላይ ቆሜ፣ ሕዝብ ከሥሬ ተሰልፎ «እማዬ፣ ናፈቅሽኝ» ልበል? ከሥር ሆኜ እጄን ሽቅብ ዘርግቼ የጽሑፍ መልእክት እልክ ነበር። ባምባሲ ያለችው እናቴ ማንበብ ስለማትችል ጎረቤቷ ታነብላታለች። «ሴት ልጅ ወልጄ ደብዳቤ ሆናብኝ ቀረች» ትላለች አሉ።

ጎረቤቴ እማማ ሀዋ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞቶ ሰፊ የበቆሎ ማሳ መሐል ባለች የቀርከሃ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ማንኩሽ ከተማ ይሠራል። ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ሁለት ሰው ደግፏቸው ኩይሳው ላይ ይወጡና ያነጋግሩት ነበር። አብዝተው አይናገሩም፤ ሰላምታ፣ «በልተሃል?»፣ ምርቃት። ደንቡን ባረቀቅኩበት ክረምት ኩይሳው ረጥቦ ተንሸራተቱና ጉልበታቸው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ መውጣት ቀረ። ሌላ ሰው ደውሎ ስልኩን ወደ ታች ሲያቀብላቸው መሐል ላይ ይቋረጣል። «ደህና ነኝ ብሏል» ይሏቸዋል። «እሱ ደህና ካለ ጥሩ። ግን በጆሮዬ ልስማ» ይላሉ። እንዲያም ሆኖ ዓርብን አላቋረጡም። ስልካቸውን በልብሳቸው ጫፍ ቋጥረው ከኩይሳው ሥር ይቀመጡና የሌሎችን ልጆች ሰላምታ ይሰሙ ነበር።

በዚህ መሐል ለሰፈራችን ማማ ሊተከል ነው ተባለ። እልል ተባለ። «የት ይተከል?» ሲባል እልልታው ቆመ። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ። አንዱ «ዶሮዎቼ መጣል ያቆማሉ» አለ። ሌላዋ «ማንጎዬ ፍሬው ባዶ ይሆናል» አለች። ጋሽ ይመር፣ በደርግ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ የመጡት፣ የሰፈሩ አፈ ጮሌ፣ «እኔ ማማ አልቃወምም፤ ቁመቱን ነው የማልወደው» አሉ።

ለማረጋጋት ብለን ሰዉን ሰብስበን ደንቡን አነበብንላቸው። አቶ ገመቹ በወፍራም ድምፃቸው «ከማንኛውም መኖሪያ ቤት፣ ቤቱ ከምንም ይሠራ ከምን...» ሲሉ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ኮራሁ። ለካ እነሱ የሰሙት የማማ ማራቂያውን መድኃኒት ነው።

በሳምንቱ ሜትሬን ይዤ ቦታ ልለካ ስወጣ ሰፈሩ ጠፋኝ። ጎጆ በጎጆ ሆኗል! ቀርከሃ እንደሆነ እዚህ አገር ሞልቷል። ባዶ ቦታ ያለው ሁሉ ከቦታው ጥግ አንዳንድ ጎጆ ቀልሷል። ቤት ካለ ማማ አይቆማ! በካርታዬ ላይ ክብ ብሠራ አንዱን ነካ፤ ሌላ ብሠራ ሁለት ነካ። ካርታው ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። ጋሽ ይመር ከእማማ ሀዋ ማሳ ጋር በሚያዋስናቸው አጥር ሥር የቀለሷትን ጎጆ በር ከፈትኩ። አንዲት ቀይ ፍየል ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ይመር፣ ይህ መኖሪያ ቤት ነው?»

«አዎን።»

«ማን ይኖርበታል?»

«የወንድሜ ልጅ ሊመጣ ነው። እሷ ቤት እየጠበቀችለት ነው።»

አንቀጿን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚኖረው በሁለት እግር ይሂድ በአራት አላልኩም። አቶ ገመቹ ካርታውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ወንዝ ማዶ ይሄዳላ» አሉ። ወንዝ ማዶ ማለት ከኮረብታው ጀርባ ማለት ነው። እዚያ የቆመ ማማ ለእኛ የጎረቤት ድግስ ነው፤ ሽታው እንጂ ወጡ አይደርሰንም።

በማግስቱ እማማ ሀዋ ምርኩዛቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። እሳቸው ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት።

«አንተ ቢሮ ትሠራለህ። ማማ በኔ ማሳ ይቁም።»

ሄጄ ለካሁ። ማሳው ይበቃል። ክቡ ውስጥ የገቡት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የፍየሏ፣ ሌላው የራሳቸው የእማማ ሀዋ።

«አይሆንም እማማ፤ የእርስዎ ቤት ቀረበ» አልኳቸው።

«ያንተ ሕግ ቤት ይጠላል?»

«ቤቱን ወዶ ነው እማማ። ማማው ከቤት ይራቅ ነው የሚለው።»

ምርኩዛቸውን ወደ ቤታቸው ቀሰሩ። «ማማ ከቤት ይራቅ፣ ቤት ከማማ ይራቅ፣ አንድ ነው። በእኛ አገር ቤት እግር አለ። ሰው ይሸከማል፣ ይሄዳል። ኸላስ፣ አለቀ!»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ። ደንቡን ገልጬ አየሁት። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ማን ከማን ይራቅ እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር! ለአቶ ገመቹ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ኤዬ፣ እውነትሽን ነው» አሉ፤ «ቤቱ ከተነሣ ማን ይከለክላል? ግን ፍየሏስ?»

ስብሰባ ተጠራ። ሰው ስብሰባ አይመጣም፤ ስለዚህ ስብሰባው ሰው ወዳለበት ወደ ኩይሳው ሥር ሄደ። ዕለቱ ዓርብ ነው። እማማ ሀዋ በቦታቸው ተቀምጠዋል። የምንለውን ሁሉ ሁለት ገጽ አድርጌ ጽፌ ለአቶ ገመቹ ሰጠሁ። ኪሳቸውን ዳበሱ። ሌላውን ኪሳቸውን ዳበሱ። መነጽሩ ቢሮ ቀርቷል።

«አንቺው አንብቢው» አሉኝ።

አነበብኩ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ከፊት የተቀመጡት አይተዋል ይባላል። «ድምፅ!» አለ አንዱ። «ሜትሯ፣ አይሰማም!» አለች ሌላዋ፤ ሜትር ከእጄ ስለማይለይ ነው እንዲህ የሚሉኝ። «ኩይሳው ላይ ውጪና ተናገሪ!» ተባለ። ግማሹ ሰው የየራሱን ወሬ ጀምሯል። ጋሽ ይመር ማንጎ ይልጣሉ። እማማ ሀዋ የልብሳቸውን ቋጠሮ ይዳብሳሉ።

ወጣሁ። ከላይ ሳየው ሕዝቡ የበለጠ ሕዝብ ሆነ። ማን ነው ንግግር የሚሰማው? እዚህ ሰፈር ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ስልኬን አወጣሁ። ወደ ሱዳን ዞርኩ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። የጋሽ ይመር ቢላ ማንጎው ላይ ቆመ።

«ማነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ፣ ልጅሽ!»

«ልጄማ አትጮኽም!»

«ዛሬ እጮኻለሁ! ስሚኝ! እማማ ሀዋ የልጃቸውን ድምፅ ከሰሙ ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ! ኩይሳው ላይ መውጣት አልቻሉም! ማማው ማሳዬ ላይ ይቁም፣ ቤቴን አነሣለሁ ብለዋል!»

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ ምን ቀረ?»

«አንድ ቤት ቀረ!»

«የማን ቤት?»

ቁልቁል አየሁ። የሰው ስም በአደባባይ መጥራት አልለመደብኝም። «የፍየል!»

«እዚያ አገር ፍየል ቤት አላት?»

«አላት! እማማ ሀዋ እነሣለሁ ብለዋል፤ ፍየሏ ግን አልነሣም ብላለች!»

ከሥር ሰፈሩ አንድ ላይ ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ «ምን አለች እናትሽ?» አለ።

«ፍየሏን አነጋግሯት አለች!»

ሕዝቡ በሙሉ ወደ ጋሽ ይመር ዞረ። ጋሽ ይመር ማንጎውን አዩ፣ እማማ ሀዋን አዩ፣ ቢላቸውን ጠረጉ። «አብሽሩ» አሉ በመጨረሻ፤ «ፍየሏ ሽማግሌ ሳይላክባት ተስማምታለች።»

በሳምንቱ እሑድ የእማማ ሀዋ ቤት ጉዞ ጀመረ። ጣሪያውን ለብቻ፣ ግድግዳውን ለብቻ አንሥተው ሃያ ወንዶች ተሸከሙት። ከፊት ጋሽ ይመር ነበሩ፤ የተሰበረውን የጠገኑትም ከፍየሏ ጎጆ በፈረሰው ቀርከሃ ነው። እማማ ሀዋ ምርኩዛቸውን ይዘው እየመሩ «ቀስ! ቀስ! ቤቱ እንዳይደነግጥ!» ይሉ ነበር።

ማማው ቆመ። ሥራ በጀመረ ዕለት እማማ ሀዋ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ደወሉ። «በልተሃል?» አሉ። ከዚያ መልሱን በጆሯቸው ሰሙ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ያልሰማው ወሬ እሱ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ዛሬ እማማ ሀዋ ዓርብን አይጠብቁም። ጠዋት ይደውላሉ፣ ቀትር ይደውላሉ። ልጃቸው በቀደም እኔ ጋ ደውሎ፣ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ያ ማማ አንዳንዴ እንኳ አይበላሽም?» አለኝ። ጋሽ ይመርን ወሎ ያለ ዘመድ ሁሉ ለሽምግልና ይጠራቸዋል፤ ኔትወርክ አልነበረም ማለት ቀረ። እናቴም ድምፄን ካገኘችው ወዲህ በየምሽቱ፣ ልክ ከማነብበው መጽሐፍ ጥሩ ቦታ ስደርስ፣ ትደውላለች። «ዛሬስ የምትነግሪኝ ሰው የለም? ለፍየል ያን ያህል የጮኽሽ ለራስሽ አትጮኺም?»

ለጥያቄዬም መልስ አገኘሁላት። ሰው ማማ የሚጠላው ጨረሩን ፈርቶ አይደለም። ሰበብ ስለሚያሳጣው ነው።

ወንዝ ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጸጥ ያለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድም ስልክ አይጮኽም። መጽሐፎቼን ደርድሬ ሳልጨርስ አከራዬ በደስታ እየሮጠች መጣች። «እንኳን ደስ ያለሽ! ለእኛም ማማ ሊመጣልን ነው፤ እዚችው ጓሯችን ካለው ባዶ ቦታ ላይ!»

ባዶውን ቦታ አየሁት። በዓይኔ ለካሁት። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ፍየል ላጠያይቅ ወሰንኩ።