ዮናስ ዳንኤል የማን ልጅ ነው?

ስም ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ያወጡልሃል፣ ሲጠሩህ አቤት ትላለህ፣ አለቀ። ለካ በስም ኪሳራ አለ!

ለንደን፣ ፓርክ ሮያል መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ኖሬ ዌምብሊ ሰፈር ሱቅ ከፍቻለሁ። ከላይ ያለውን ክፍል ዮናስ የሚባል ልብ ወለድ ጸሐፊ ተከራይቶታል። አባቱ አይሪሽ፣ እናቱ ጀርመን። እናቱ እንደኛው «ዮናስ» ትለዋለች፤ ለንደን ግን «ጆናስ» ይለዋል። እኔ ከእናቱ ጋር ነኝ።

የመጀመሪያ መጽሐፉን በአባቱ ቤተሰብ ስም አወጣው። አይሪሽ ነው፣ ያስቃል ብለው ገዙት፤ ውስጡ ቀብር ሆነ። ሁለተኛውን በእናቱ ቤተሰብ ስም አወጣው። ጀርመን ነው፣ ቁም ነገረኛ ነው ያሉት ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ታዩና ተቀየሙት። አባቱ ለቅሶ ቤት ቀልድ የሚያወራ ሰው ነው። እናቱ ቀልድ ሲነገራት «ከዚያስ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁ ምን ያድርግ? በሁለት ስም ሁለቴ የከሰረ ሰው አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ካልተሸጠ አሳታሚው ሊያሰናብተው ነው።

አንድ ቀን ሱቅ ወርዶ፣ «ጋሼ፣ የትኛውን ስም ላድርግ?» አለኝ። «ጋሼ» ማለትን ያስተማረችው ልጄ ናት።

ስለ መጽሐፍ አላውቅም። ስም ግን አውቃለሁ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ጣጣ የለም አልኩት፤ ያንተ ስም፣ ቀጥሎ የአባትህ፣ በቃ።

«አባትህ ማን ይባላል?»

«ዳንኤል።»

«እንግዲያው ዮናስ ዳንኤል ነሃ! ዮናስን እናትህ አወጣች፣ ዳንኤል አባትህ ነው። ማን ይቀየማል?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ቀብርም ቀልድም ያለበት ሦስተኛው መጽሐፍ በዚሁ ስም ወጣ። ብዙ ሳይቆይ እትዬ አስካለ ቸርች በር ላይ ያዙኝ። መጽሐፉን ታቅፈውታል።

«የኛ ልጅ መጽሐፍ አሳተመ፣ ሰማህ? የየትኛው ዳንኤል ልጅ ነው? የባተርሲ ሰፈሩ?»

«የአይሪሹ።»

«ያሳደገውን አልጠየቅኩህም!»

«እትዬ፣ ፎቶውን አይተዋል? ነጭ እኮ ነው።»

«እዚህ አገር ፀሐይ የት አለና!»

ጉባኤው በሙሉ ገዛው። ቀብሩ ላይ ሳቁ፣ ቀልዱ ላይ አለቀሱ፣ ማንም አልተቀየመም። የልጃችን ነዋ! ያላነበቡት እንኳ ለዘመድ ገዝተው ላኩ።

ትናንት ዮናስ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። አሳታሚው ለአራተኛ መጽሐፍ አስፈርሞታል። በአይሪሽ ስምህም በጀርመን ስምህም አላዋጣህም፣ የገዙህ እነዚህ ናቸው፣ ስለነሱ አገር ጻፍ ብሎታል። ሁለት አገር ያንገዳገደው ልጅ ሦስተኛ ተጨመረለት። እሱ ግን ደስ ብሎታል፤ ቸርች ሄዶ አንባቢዎቹን ሊያመሰግን ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆታል።

«ጋሼ፣ እዚያ አገርህ የት ነው ብለው ይጠይቁኛል አሉ። የየት ነኝ ልበል?»

«የኔን አገር በል» ልለው አፌን ከፈትኩ። አባቴ ጎጃሜ ነው። እናቴ የወለጋ ናት።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።