የእትዬ ጌጤ ጾምና የሾርባዋ ኩብ

ሰው ቤት ስትሄዱ ማጀት ትገባላችሁ? እኔ እገባለሁ። ሳሎን ተቀምጦ መጫወት ስለማይሆንልኝ «ላግዛችሁ» ብዬ ወደ ማጀት እሸሻለሁ። እዚያ ሽንኩርት እየላጥሁ መደርደሪያውን አነባለሁ። አዎ፣ አነባለሁ። ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ ይነበባል፤ የዘይት ጀሪካን፣ የዱቄት ከረጢት፣ የክብሪት ቀፎ። ከዚህ ሁሉ ንባቤ የደረስሁበትን ልንገራችሁ፤ ደሴ ውስጥ ያቺ በወረቀት የተጠቀለለች የሾርባ ኩብ የሌለችበት ቤት የለም። አለችኝ ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ የለም።

የቷ ኩብ እንዳትሉኝ። ሁላችሁም በፋብሪካዋ ስም ትጠሯታላችሁ። እኔ ማስታወቂያ ስለማልሠራ «ኩብ» ብያት ልለፍ። ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ትደበቃለች። አንዳንዷ ስኳር ዕቃ ውስጥ ትቀብራታለች። አንድ ቀን የቅሬ ሴቶች (ቅሬ እኛ ዘንድ እድሩ ነው) ለለቅሶ ቤት ምስር ሲሠሩ፣ አንደኛዋ ከመቀነቷ ጫፍ የሆነ ነገር ፈትታ ድስቱ ውስጥ ጣል አደረገች። ዞር ስትል እኔ ቆሜያለሁ። ለራስ ምታት ነው አለችኝ። የማን ራስ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እኔን ከኩቧ ጋር ያስተዋወቀችኝ ዘሃራ ናት። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ከውጭ የመጣውንም እተረጉማለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ቁልቁል፣ ከሥራ በኋላ ሽቅብ። ዘሃራ ማሽን ላይ የምትሠራ የኩታበር ልጅ ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ከፈረቃ ወጥቶ እንደገና ለሥጋ ወጥ መቆም ማን ይችላል? «ሥጋው ሩቅ ነው፣ ወሬውን እንኳ እንስማው እንጂ» ትላለች፣ ኩቧን ድንች ወጥ ላይ እየፈረፈረች። ልክ ናት። ኩቧ የሥጋ ወሬ ናት። ወሬ ደግሞ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሠፈሬ ልውሰዳችሁ፣ ቧንቧ ውሃ። በአንድ አጥር ከእኛ ጋር እትዬ ጌጤ አሉ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም ነን። እናቴና እሳቸው ጎረቤት ከሆኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ እኛ አገር ሁሉ ነገር አብሮ ነው፣ ሥጋ ብቻ ለየብቻ ነው። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ማንም በዚህ አይቀየምም። ሠርግ ሲኖር ሁለት ድስት ይጣዳል፣ አለቀ። የሚያገናኘን አትክልትና ጥራጥሬ ነው።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። እናቴ እንዲህ ሲገጥም አንድ ልማድ አላት። በሌላው ቀን ሾርባችን ሥጋ ይገባበታል። ዓርብ ዓርብ ግን አጃ፣ ካሮትና ድንች ብቻ ነው፤ ቅቤም የለውም። ጀንበር ጠልቃ ከመግሪብ አዛን በኋላ እትዬ ጌጤ ይመጡና አብረውን ይጠጣሉ። እሳቸውም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ። ሁለቱ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ ድስት የሚቀምሱት በዚህ ነው።

ታዲያ እህቴ ኮምቦልቻ ወለደችና እናቴ አራሷን ልትጠብቅ ወረደች። ስትወጣ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዓርቡ የጌጤ ሾርባ እንዳይቀር።

እኔ የምሠራው ሾርባ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? አጃ የታጠበበት ሙቅ ውሃ ነው። በረመዳን ደግሞ ይብሳል። ለምን? ጾመኛ ስለሆንሁ አልቀምስም። ጨው የምጨምረው በዱኣ ነው። ስለዚህ ያን ዓርብ ከሥራ ስመለስ አንድ ሱቅ ጎራ አልሁና ኩብ ገዛሁ። ዝም ብዬ አልገዛሁም፣ ወላሂ። ወረቀቷን ገልብጬ አነበብሁ። «ሐላል» የሚለውን ማህተም ፈለግሁ፣ አገኘሁት። ልቤ ረካ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻት ሚኒባሴን ተሳፈርሁ።

እትዬ ጌጤ መጡ። አንድ ኩባያ ጠጡ። ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ የእናትሽ እጅ መጥቶብሻል» አሉ። ሁለተኛውን ጠጡ። እንዲህ ያለ ሾርባ ከሠራሁማ ለምን እስካሁን ባል እንዳላገኘሁ ጠየቁ፤ መልሱን ራሳቸው ሰጡ፣ መጽሐፉን ከፊቴ ላይ ስለማላነሣ ነው። ሦስተኛውን ጠጡ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ፤ ውስጤ ግን ደስ ብሎታል። በሕይወቴ ስለ ምግቤ ሰው ሲያመሰግነኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማጀት ስጠርግ የኩቧ ወረቀት ከመጥረጊያው ሥር ወጣ። ቢጫ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ ዶሮ ቆማለች።

ትናንትም ቆማ ነበር። አይቻታለሁ። ግን እኔ የፈለግሁት የራሴን ማህተም ነበር፤ እሱን እንዳገኘሁ ንባቤን አቆምሁ። ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ ፊደል የማነብ ሰው ለእትዬ ጌጤ የሚሆነውን መስመር አላነበብሁም። አሁን አነበብሁት። ደቃቅ ጽሑፍ ነው፤ ከታች፣ ከመጨረሻው አጠገብ፦ የዶሮ ስብ። እና ደግሞ አስቡት፤ እኔን ያረካኝ ማህተም ለእሳቸው ነገሩን እጥፍ ያደርገዋል። በሁዳዴ ዶሮ፣ እሷም ሙስሊም ያረዳት!

እናቴ ዘንድ ደወልሁ። መጀመሪያ ሱብሃነላህ አለች። ቀጥሎ እኔ ሠላሳ ዓመት ያቆየሁትን ጎረቤት አንቺ በአንዲት ኩብ አስቀየምሽብኝ አለች። ዝም ብል ይሻል እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቅኋት። ስልኩ እጄ ላይ የሚፈነዳ መሰለኝ። «በጾም አፍሽ ልትደብቂያት ነው? አሁኑኑ ሄደሽ አፉ ይበሉኝ በያት!»

ሄድሁ። እትዬ ጌጤ በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ነገርኋቸው። እንዴት እንደነገርኋቸው አላስታውስም፤ ትዝ የሚለኝ ወረቀቷን እንደ መታወቂያ ወደ ፊት ዘርግቼ መቆሜ ነው። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። የሚለቅሙበትን ሰፌድ ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ሦስት ኩባያ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ ያለማወቄን እንደሚያምኑ፣ የንስሐ አባታቸው ቃል እስኪሰጥ ግን ከእኛ ቤት ውሃም እንደማይቀምሱ ነገሩኝ። በክፋት አልነበረም። ግን መጪው ዓርብ ከፊቴ ተደነቀረ። እናቴ ስትመለስ ባዶ ወንበር ታገኛለች ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ጉዳዩን ከባለቤቱ አፍ መስማት ፈልገዋል። ባለቤቱ እኔ መሆኔ ነው። ሂጃቤን ግንባሬ ድረስ ስቤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጪ ቆምሁ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ነጠላውን እያስተካከለ ያየኛል። መሬቱ ቢከፈት ሳላመነታ እገባ ነበር።

መምሬ ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው። እትዬ ጌጤ ገና ተናግረው ሳይጨርሱ ፍርዱ መጣ። በሁዳዴ ጥሉላት መቀላቀል ቀላል ነገር አይደለም፣ አፍን መጠበቅ ይገባል፣ ጎረቤት መውደድ ሌላ፣ ምን እንዳለበት መጠየቅ ሌላ። «በየኩባያው አርባ ስግደት! ዛሬ እሑድ ስለሆነ ከነገ ትጀምሪያለሽ» አሉ። እትዬ ጌጤ ጉልበታቸውን ያዙ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከርሟል። ሦስት ኩባያ መጠጣታቸውን ቀድመው ተናግረዋል፤ መመለሻ የለም።

ከዚያ መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ልጄ፣ ምን ምን አለበት ነው የሚለው? አንብቢው።»

ማንበብ ጀመርሁ። ድምፄ አይሰማም ነበር፣ ጎንበስ አሉልኝ። ጨው። ስታርች። ስኳር።

«ዶሮዋስ?»

«ገና ነን መምሬ።» የዘንባባ ዘይት። ሽንኩርት። እርድ።

«ኧረ ዶሮዋ የት ደረሰች?»

«ይኸው፣ መጣች። የዶሮ ስብ።»

«ከእርድ ቀጥላ?» አሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ማን እንዳረዳት ጠየቁ። ማህተሙን ጠቆምኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱም ተጨማሪ ስግደት አለው ሊሉ እንደሆነ ገባኝ። ግን ወረቀቷን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ተቀበሉኝ። ዘርግተው አዩት። ቢጫውን። ዶሮዋን። ገለበጡት፣ መልሰው አዩት።

«ይቺ» አሉ በመጨረሻ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ቀጥኖ፤ «ሽሮ ላይም ትገባለች?»

ብዙ ሰው ይጨምራታል አልኋቸው።

«በርበሬው አጠገብ... ከጣሳው ጀርባ የምትቀመጠው?»

አዎ አልሁ።

መምሬ ወደ ሰማይ አዩ። ወረቀቷን አጣጥፈው ካባቸው ውስጥ ከተቷት፤ አልመለሱልኝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ለእትዬ ጌጤ እንዲህ አሏቸው፤ ነገሩን ሲያስቡት ባለማወቅ የተደረገ ነው፣ ባለማወቅ የተደረገ ደግሞ ምሕረቱ ቅርብ ነው፣ ዶሮዋም በመጠኗ ከእርድ በታች ናት። በጠቅላላው ሰባት ስግደት ይበቃል። ጎረቤትሽን አትራቂ፣ ዓርብም ሂጂ፣ ብቻ ይህቺ ልጅ አስቀድማ ታንብብልሽ። መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ወደ ቤታቸው አቀኑ። ቄስ እንዲያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም።

እትዬ ጌጤ ደስታቸው ወሰን አጣ። መንገዱን ሙሉ ክንዴን ይዘውኝ እየሳቁ ሄዱ። ልክ አጥራችን ጋ ስንደርስ ግን ቆም አሉ።

«አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ንገሪኝ» አሉ፤ «ከአርባ አርባ ወደ ሰባት ያወረዳቸው ምን ይሆን? መቼም መምሬ እንዲህ ሆደ ቡቡ አልነበሩም።»

እንዳልደብቃቸው ተብዬ እውነቱን ልነግራቸው የሄድሁት እኔ፣ በጾም አፌ «አላውቅም» አልኋቸው።