እትዬ ገልብጪው እና የግራ እጅጌው

በየሰፈሩ የሰው ልብስ ገልብጦ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አይጠፋም። የእኛን ሰፈር ያስጨነቁት ክብርት እትዬ ገልብጪው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጥልፍ ጠልፈው፣ እናቴን ጨምሮ የሰፈሩን ሴት ሁሉ አስተምረው፣ አሁን በጡረታቸው ይመረምሩናል።

«ፊቱማ ለማንም ይስቃል፤ ጀርባውን አሳዩኝ» ይላሉ። ሕመምተኛ ሊጠይቁ ገብተው የትራሱን ጨርቅ ገልብጠዋል። አንዴ ደግሞ ቀበሌ ሄደው ሰልፉን ሁሉ አስቁመው የጸሐፊዋን አንገትጌ በመስኮቱ ያዙና፣ «ይኼ ተለጠፈ እንጂ አልተጠለፈም» አሏት። ልጅቷ ያን ሸሚዝ ዳግም አልለበሰችውም።

እኔም ስስቅባቸው ኖሬያለሁ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ።

ቅዳሜ ታናሽ እህቴ ልታገባ ነበር። የምትለብሰው ሟች እናታችን በወጣትነቷ የጠለፈችውን ቀሚስ ነው፤ ደረቱም እጅጌውም ቅጠል በቅጠል። «እንዳትነካው» ብላኛለች። ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ ረቡዕ ልተኩሰው ብዬ የግራ እጅጌውን በካውያ ለበለብኩት። አውራ ጣት የሚያህል ቃጠሎ።

ቁልፍ መትከል የማልችለው ሰውዬ፣ የእናቴን ክር ከቆርቆሮዋ አውጥቼ ቃጠሎው ላይ ቅጠል ጠለፍኩበት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከፊት ሲያዩዋት ትንሽ ጠመመች እንጂ ከእህቶቿ ጋር ትመሳሰላለች። ጀርባዋ ግን ድመት የተጫወተችበት ክር ነው።

ዓርብ ከሰዓት እህቴ ቀሚሱን ለክታ ስታወልቅ እትዬ ገልብጪው ከተፍ አሉ።

«እስቲ ወዲህ በይው።»

አንገትጌውን ገለበጡ። ደረቱን። ቀኝ እጅጌውን። ግራው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

«ምነው እትዬ? የተበላሸ ነገር አለ?» አለች እህቴ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

«ምንም የለበት። ንጹሕ ነው።» እጅጌውን አጠፍ አደረጉት። «ትንሽ የሚጠብሽ መሰለኝ፤ ልውሰደውና ጠዋት አመጣዋለሁ።»

እኒያ ሴትዮ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በወረቀት ጠቅልለው መለሱት። እህቴ ጸጉሯን ስትሠራ ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና እኔም ገለበጥኩት። ቋጠሮዎቼ የሉም፤ ጀርባው እንደ እናቴ ሥራ ጥርት ብሏል። ፊቱ ላይ ግን ቅጠሏ እንደጠመመች ናት።

«እትዬ፣ ይቺን ለምን አላቃኗትም?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አቃንቻት ነበር፤ መልሼ ፈታኋት» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እናትህም የመጀመሪያዋን ቅጠል ልክ እንዲህ ነበር ያጠመመቻት።»