የቡ ታርዊያ ታካሚ

በዚህ ዓለም የጥርስ ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ቡ ታርዊያ የሌሉበት ሰፈር ግን አይገኝም። «ቡ» በእኛ አገር እማማ እንደ ማለት ነው፤ ስማቸው ይለያይ እንደሆነ እንጂ በየመንደሩ አሉ። ሳታስነጥስ መድኃኒት ያዝዛሉ። ለምን እንደታመምክ ከአንተ ቀድመው ያውቃሉ። ከዳንክ አድነውህ ነው፤ ካልዳንክ ትእዛዛቸውን አጓድለህ ነው። የእኛዋ፣ ማለትም የቴጋል ወደብ ሰፈር ሊቀ ጠበብት ክብርት ወይዘሮ ታርዊያ፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ታሁ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ይጠብሳሉ። ዘይቱ እስኪግል ደግሞ በሽተኛ ይቀበላሉ።

ዋናው በሽተኛ እኔ ነበርኩ። በከተማችን ጋዜጣ ላይ ሹማምንቱን በብዕሬ የማንቀጠቅጥ ደፋር ሰው ነኝ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይ ግን የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ መሰርሰሪያ የሌለው ሐኪም ያስፈልገኝ ነበር፤ ቡ ታርዊያ ያላቸው መጥበሻ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሻይ ነው። የቴጋል ሰው ሻዩ ውስጥ የስኳር ድንጋይ ጨምሮ ቀስ ብሎ እስኪሟሟ ይጠብቃል። እኔ መጠበቅ አልችልም፤ አውጥቼ እቆረጥመዋለሁ። አንድ ቀን ቋ አለ። የተሰነጠቀው ግን ስኳሩ ሳይሆን መንጋጋ ጥርሴ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ ይነዝረኝ ጀመር።

«አፍህን ክፈት» አሉኝ ቡ ታርዊያ፣ ዘይት የሚንጠባጠብ ጭልፋቸውን እንደያዙ። «ኧረ ሰፋ አድርገው! ሲርብህ እንደምትከፍተው!»

ከፈትኩ።

«ንፋስ ገብቶበት ነው።»

«ጥርስ ውስጥ?»

«ሞተር ላይ ሆነህ ትዘፍን የለም እንዴ? በዚያው ገባ። እኔን ስማኝ!»

ሰማኋቸው። ቅርንፉድ ነክሼ ዋልኩ፤ ለግማሽ ቀን አደነዘዘልኝ። በጨው ውኃ ተጉመጠመጥኩ። ነጭ ሽንኩርት ጎሰጎስኩበት፤ ጥርሴ አልተሻለውም፣ ቢሮ ግን አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ባለቤቴ በየቀኑ «የጥርስ ክሊኒኩ እኮ ከገበያው ፊት ለፊት ነው» ትለኛለች። እኔም ኮራ ብዬ «ቡ ታርዊያ እየተከታተሉኝ ነው» እላታለሁ።

ቆይቶ ትኩስ ነገርም ያመኝ ጀመር። ከዚያ ምንም ሳልነካው በራሱ ጊዜ ይጠዘጥዘኝ ገባ። ከዚያ ደግሞ አንድ ማለዳ ጸጥ አለ። በረዶ ያለበት ውኃ ጠጣሁ፤ ምንም! እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው።

ቡ ታርዊያ መጥበሻውን በጭልፋ ደበደቡት። «እናንተ ሰዎች! ኩስዋንቶ ድኗል!»

እኔም በዚያው ሳምንት ዓምዴ ላይ የዛሬ ዘመን ሐኪሞችን አብጠልጥዬ ጻፍኩ። ሕዝቡ መሰርሰሪያ ከሚፈራ ቅርንፉድ ቢነክስ ይሻለዋል አልኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ሁለቴ አነበብኩት።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። በዚያ ጥርስ ስነክስበት ከሌሎቹ የረዘመ ይመስለኝ ጀመር። ድዴ ላይም ትንሽ ብጉር ወጣች። ቡ ታርዊያ «መጥፎው ደም ሊወጣ ነው፣ እሰየው በል» አሉኝ። እሰየው አልኩ።

አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ግማሽ ፊቴ የእኔ አልነበረም። ጉንጬ ፓፓያ አክሏል። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኛል፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ፊቴን በሽርጥ ሸፍኜ ወደ ሐኪሜ ሄድኩ።

ቡ ታርዊያ እጃቸውን ጠረጉና ከመንጋጭላዬ ሥር ዳሰሱኝ። ታሁው እያረረ ነው፤ ዘወር ብለው አላዩትም።

«ቡ፣ ምን ልያዝበት?»

«አላውቅም።»

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ይህች ቃል ከእሳቸው አፍ ስትወጣ የሰማ የሰፈሩ ሰው የለም። እሳቱን አጠፉ፤ ያልተሸጠውን ታሁ እንዳለ ትተው እጄን ይዘው ቤቻክ በሚባለው ባለፔዳል ሦስት እግር ጋሪ ላይ ጎትተው አወጡኝ። ነጂውን «ንዳው! እግርህን ነው እንዴ የምትቆጥበው?» እያሉ ክሊኒኩ በር አደረሱኝ።

ዶክተር ወኒንግ ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ጥርሱን በራጅ አነሳችውና ጠየቀችኝ፤

«ሕመሙ መቼ ነው ያቆመው?»

«የዳንኩ ጊዜ።»

«አልዳኑም። ጥርሱ ነው የሞተው።»

በስንጥቁ በኩል ጀርም ገብቶ ነርቩና ደሙ ያለበትን ውስጠኛውን ክፍል ገድሎታል። ነርቩ ስለሞተ ሕመሙ ቀረ፤ ብስባሹ ግን በሥሩ በኩል ወርዶ አጥንቱ ውስጥ መግል ሠራ። «እብጠቱ ወደ አንገት ቢወርድ መተንፈሻዎን ሊዘጋው ይችል ነበር» አለች።

ቡ ታርዊያ ቀስ ብለው «ይነቀላል?» አሉ።

«አይ፣ ይተርፋል።»

መርፌው ገና ሳይነካኝ ጮኽኩ። ቡ ታርዊያ እግሬን ያዙ። ጥርሱን ከፍታ መግሉን አፈሰሰችው፤ ስለ ሽታው አልጽፍም። በተከታዮቹ ቀጠሮዎች የሥሩን ቀዳዳዎች በቀጫጭን ሞረድ አጽድታ ሞላቻቸውና በመጨረሻ ጥርሱን ሽፋን አለበሰችው። መጀመሪያውኑ ብመጣ ኖሮ ትንሽ ሙሌት ይበቃኝ እንደነበር ነገረችኝ። «ጽሑፍዎንም አንብቤዋለሁ» አለች። አፌ በጥጥ ተሞልቶ ስለነበር አስተያየት አልሰጠሁም።

ቡ ታርዊያ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም። ደጅ ተቀምጠው ወረፋ የሚጠብቁትን ያክማሉ። አንድ ሰውዬ ምክራቸውን ሰምቶ ሊሄድ ሲነሳ ዶክተሯ ራሷ ሮጣ መለሰችው።

በመጨረሻው ቀን ከቡ ታርዊያ ጋር በቤቻክ ተመለስን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣

«ያ መርፌ...» አሉ። «ያማል?»

«ለማን ነው?»

«ለሰው ነዋ። ሰው ይጠይቀኛል።»

ዘወር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ፤ ከዚያ ጉንጫቸውን በጣታቸው ሳብ አድርገው አሳዩኝ። ከኋላ በኩል እስከ ድዱ የተቦረቦረ ጥቁር ጥርስ አለ። ስንት ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ሲያኝኩ ኖረዋል! ለካ ያዘዙልኝን ሁሉ መጀመሪያ የሞከሩት በራሳቸው ላይ ኖሯል።

«ምነው ሳይነግሩኝ፣ ቡ?»

«የትኛው ሐኪም ነው ለበሽተኛው የሚነግር?»

ነጂውን ወደ ክሊኒኩ አዙር አልኩት። እሳቸውም «ታሁዬን ማን ይጠብስልኛል፣ ልብሴም ዘይት ዘይት ይላል፣ ዛሬ ደግሞ ቀኑ ጥሩ አይደለም» አሉ። እጅጌዬን ግን አልለቀቁም።

ወንበሩ ላይ ወጥተው መብራቱ ፊታቸው ላይ ሲበራ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ስሚ ልጄ፣ መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ።»

ዶክተር ወኒንግ ጭምብሏን ወደ ላይ ሳበች።

«ይንገሩኝ እናቴ» አለች። «አፍዎን እንደከፈቱ።»