የሐሙስ ሽማግሌዬ

እልፍነሽ የክርስትና ልጄን ነጠቀችኝ። ስሟን አልሸፍንም፤ እሷም ስሜን በአደባባይ ስታነሣ አልሸፈነችልኝም።

የእኛ ሰው ሮም ውስጥ ብዙ ነገር ይቅር ይላል። አንዷ ጾም ብትገድፍ «ሰው ቤት እየሠራች ምን ምርጫ አላት» ይባልላታል። ባሏን አገር ቤት ትታ ሌላ ብታገባ «ምን ታድርግ፣ ስደት ነው» ይባልላታል። ብቻዋን ተቀምጣ ደስ ሲላት ከተገኘች ግን ምሕረት የለም። ያለ ሠርግ፣ ያለ ልደትና ያለ ወንድ ደስ የሚላት ሴት አይተው አያውቁማ!

ሐሙስ ከሰዓት የእኛ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ብትሄዱ ግማሹ አገራችን አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ወሬው ያው ነው፤ ማን ወረቀት አገኘ፣ ማን ወፈረ፣ የማን አሠሪ ሞተች። እኔም ስድስት ዓመት እዚያ ተቀምጫለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ሐሙስ ግን ተነሥቼ ሄድኩ። የት እንደሄድኩ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። መጠየቅ ለሐሜት አይመችም መሰለኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

የሄድኩት ቶር ፒኛታራ ወዳለች አንዲት የሰፈር ቢብሊዮቴካ፣ ቤተ መጻሕፍት መሆኗ ነው። የመጀመሪያ ቀን መጽሐፍ ያቀበለኝ ነጭ ፀጉር ያለው ሠራተኛ «ለልጆችሽ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ይይዝልኛል፤ ቅጣቱ መሆኑ ነው።

ጣልያንኛ ማንበብ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። የተማርኩት የምጦራቸው አሮጊት፣ ሲኞራ ኢኔስ፣ በሚኖሩበት ሕንጻ መግቢያ ላይ ነው። እዚያ ጎረቤቶች በማስታወቂያ ይሰዳደባሉ። «ከሦስተኛ ፎቅ የሲጋራ ቁራጭ የሚወረውሩት ክቡር ሰው፣ በሶብላዬ የእርስዎ መተርኮሻ አይደለም» ይላል አንዱ። ከሥሩ በሌላ ቀለም መልሱ አለ። ቆሻሻ ልጥል በወረድኩ ቁጥር ቀጣዩን አነባለሁ። ማስታወቂያው ሲያልቅብኝ ልቦለድ ጀመርኩ፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሲኞራ ዓይናቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ ነው የማነብላቸው፤ ስሳሳት ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመታሉ። መጽሐፉን በዘይት ጠርሙስ አስደግፌ፣ ካርቾፎ የሚሉትን እሾኻም አትክልት እየላጥኩ፣ ገጹን በክርኔ እገልጣለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ከቢብሊዮቴካው የተዋስኩት መጽሐፍ ላይ የቲማቲም ስልስ ጠብታ አገኘሁ። የደረቀ፣ የቆየ ጠብታ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ! በዚህ ሰፈር እንደኔ ድስት እያማሰለ የሚያነብ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

ያንኑ መጽሐፍ ትራም ውስጥ እያነበብኩ ስስቅ ነው እልፍነሽ ያየችኝ። መጽሐፉን አላየችም፤ ሳቁን አየች። በሌላ ሐሙስ ደግሞ በር የያዘልኝን ሰውዬ አየች። የተወለወለ ጫማዬ፣ ሳቄ፣ በር የሚይዝ ሽማግሌ። አሎራ፣ እንግዲህ ማስረጃው ተሟላ። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣልያናዊ ሽማግሌ ይዣለሁ ተባለ። በሦስተኛው እሑድ ለሽማግሌው ሚስት ተገኘችለት።

ይህም ባላስከፋኝ ነበር። ነገር ግን ሰላም የምትባል፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት የሰፈሬ ልጅ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ክርስትና እንዳነሣላት ለምናኝ ነበር። እኔ ልጅ የለኝም። ነጭ ቀሚሷን በእጄ ጠልፌ ጨርሻለሁ። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰላም እያለቀሰች ደወለች።

«እትዬ አስቴር፣ አይቀየሙኝ። እልፍነሽ፣ የሰው ትዳር ውስጥ የገባች ሴት ክርስትና አታነሣም አለች። እሷ ልታነሣልኝ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ፣ የምተኛው እሷ ባስገባችኝ ቤት።»

ለሲኞራ ነገርኳቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማጽናናት አይሆንላቸውም።

«ሽማግሌው ሀብታም ነው አሉ?»

«ጡረተኛ ነው አሉ።»

«ሐሜታቸውም ድሃ ነው!» ብለው መጽሐፉን በጣታቸው ጠቆሙኝ። አነበብኩ። ቀሚሱን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ አወጣሁት፤ መልሼ ከተትኩት።

ክርስትናው ዐሥር ቀን ሲቀረው የሲኞራ በር ደወል ተደወለ። እልፍነሽ ናት። ዐሥራ አራት ዓመት ሮም ኖራ፣ ለረጅሙ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠውን የጣልያንኛ ፈተና ወድቃለች። እንድታነብ የተሰጣት «ሰኞ ሊፍቱ አይሠራም» የሚል የሕንጻ ማስታወቂያ ነበር። ነዋሪው ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ «ሐኪም ይጥራ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

«አስቴርዬ» አለች ቦርሳዋን አቅፋ፣ «የመኖሪያ ፔርሜሶዬን ለማደስ ስሰለፍ ማርጀቴ ነው። ድጋሚ ልፈተን ነው። አንቺ እኮ ታነቢያለሽ አሉ። ማን አስተማረሽ?»

ማን እንዳስተማረኝ! ለካስ ማንበቤንም ሰምታለች። ሰምታ ኖሯል ሽማግሌውን የመረጠችው። ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን የሚያነቡ ቀሳውስት ይኖራሉ። ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር ሲኞራ ከሳሎን ጠረጴዛውን በማንኪያ መቱ። አማርኛ አይሰሙም፤ ድምፅ ግን ያውቃሉ። ዋጥኩት። ቀሚሱን ከሳጥን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ቃል በቃል እንዲህ አልኳት፦

«ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ቢብሊዮቴካው ደጃፍ ጠብቂኝ፤ ነጭ ፀጉር ያለው ሰውዬ በር ይይዝልሻል፣ አትደንግጪ። ከዚያ በፊት ግን እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ያማሽኝ ቦታ ላይ ቆመሽ ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምውል ትናገሪያለሽ፤ ልጄን የማነሣት እኔ ነኝ። ደግሞ ማንበብ ስትጀምሪ ያስቅሻል፤ ከትራም እስክትወርጂ ግን አምቀሽ ያዢው፣ ሰው ያይሻል።»