አማቴና ቀንዳሟ ንግሥት

ኳስ የሚወድ ሰው ዕድለኛ ነው። የማያውቃቸው ጎረምሶች አንዲት ኳስ ሲያባርሩ አይቶ፣ ጮሆ፣ ድምፁ ተዘግቶ ቤቱ ሲገባ «ምን ነካህ?» የሚለው የለም። ጠጅ የሚወድም እንዲሁ ነው፤ ዘመድ ያዝንለታል እንጂ ግራ አይጋባበትም። መከራው እንደኔ ላለው ነው። እኔ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው የሌላ ዓለም ፍጡራንን በመቅረጽ ነው። ክንፍ ያለው ዘንዶ፣ እጁ የበዛ ወታደር፣ ጨረቃ ላይ የሚያርስ ሮቦት፤ አብዛኞቹ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። ይህን ለአንድ የእንጅባራ ሰው እንዴት አድርጋችሁ ታስረዱታላችሁ? «ምን ይጠቅማል?» ይላችኋል። አይጠቅምም። «ታዲያ ለምን ትሠራዋለህ?» ይቀጥላል። እዚህ ላይ ወሬ መቀየር ነው የሚሻለው። ዝናቡን ማንሳት ጥሩ ነው፤ እንጅባራ ላይ ስለ ዝናብ የሚባል ነገር ጠፍቶ አያውቅም።

ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እንክብል ሲቆጥር የዋለ ጣት ሲመሽ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። ቢያንስ ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት ይህ ነው። የምቀርጽበት ነገር የሚያፈስ ቧንቧ የሚደፈንበት ሊጥ ነው። ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል፤ አንድ ላይ ሲለወስ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፣ ካደረ ድንጋይ ይሆናል። የፍጡራኔ አጥንት የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መሣሪያዬ መርፌና ስቴኪኒ፣ ቀለሜ ደግሞ የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው። ሰፈሩ ግን ይህን ሁሉ ረቂቅ ጥበብ ጠቅልሎ «ጭቃ» ይለዋል። «ያ ጭቃ የሚያቦካው የመድኃኒት ቤቱ ልጅ» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ደግነቱ መድኃኒቱንም የማቦካው እኔ ነኝ ብለው አልጠረጠሩም።

በአካባቢያችን ይህ በሽታ ያለበት ከእኔ ሌላ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዋር ይባላል፤ ዳንግላ ውስጥ ቁልፍ፣ ማጠፊያ፣ ቧንቧና ምስማር የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሊጡን የምገዛው ከእሱ ነበርና አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ቤትህ ውስጥ ስንት ቧንቧ ነው የሚያፈሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ከብሎንና ከሽቦ የተሠራች የጠፈር መርከብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሥጋ ዘመድ ማለት ነን።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንዲት ንግሥት ልሠራ ተነሣሁ። ሰባት ፕላኔት የምትገዛ ንግሥት። ጦር የላትም፣ ዘብ የላትም፤ የምትገዛው በአንድ ቅንድቧ ብቻ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ፊቷ ግን እምቢ አለኝ። ባቄላ የምታክል ፊት ላይ ሰባት ፕላኔት የሚያንቀጠቅጥ ቅንድብ መትከል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ላስቆጣት ስል ታኮርፋለች። ላኮራት ስል እንቅልፍ ይመጣባታል። አፈረስኳት፣ ሠራኋት፣ አፈረስኳት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ እጄ ብቻውን ሲሠራ፣ ድንገት መጣችልኝ። አንደኛው ቅንድብ ወደ ላይ፣ ከንፈር ገጠም፣ አገጭ ትንሽ ወደ ፊት። አንዴ ካየቻችሁ ያላጠፋችሁትን ታምናላችሁ።

በደስታ ባለቤቴን ብርቱካንን ጠራኋት። መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች።

«እማዬ ምን አደረገችህ?» አለችኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ጭቃ አወጣው።

አማቴ ወይዘሮ የሻረግ አዲስ ቅዳም ነው የሚኖሩት፤ ከሰል ይነግዳሉ። ከላይ ደህናውን ከታች ዱቄቱን አድርጎ ማዳበሪያ የሞላ ሰው እሳቸው ፊት ሲደርስ ማዳበሪያውን መፍታት አያስፈልጋቸውም። አንዱን ቅንድባቸውን ያነሣሉ፤ ሰውዬው ራሱ መናዘዝ ይጀምራል። እኔን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ክረምት ሲገባ የተመረጠ ከሰል ሳይልኩልን ቀርተው አያውቁም። ደስ ሲላቸው «ልጄ» ይሉኛል፤ ሲከፋቸው «አንቱ»። በአንዲት ቃል ሰውን ወደ ላይ ሰቅሎ መቅጣት የሚችል ሌላ ሰው አላየሁም። እወዳቸዋለሁ፣ እፈራቸዋለሁም፤ ፍቅሩና ፍርሃቱ አንድ ላይ ተለውሶ ስለ ደረቀ አሁን መለየት አይቻልም።

ንግሥቲቱን ማፍረስ ነበረብኝ። ግን ሕይወቱን ሙሉ ዘንዶ ሲያቦካ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ እውነተኛ ፊት ሲወጣለት እንዴት ያፈርሰዋል? አላስቻለኝም። ልደብቀው ተነሣሁ። አንገቷ ላይ የዓሣ ቅርፊት አለበስኳት። ብርቱካን አይታ «የክት ልብሷን የለበሰች እማዬ» አለችኝ። ፊቷን አረንጓዴ ቀባኋት። «ወባ የያዛት እማዬ» አለች። በመጨረሻ ወደ ኋላ የተቆለመሙ ሁለት ቀንዶች፣ የአውራ በግ ቀንድ የመሰሉ፣ ግንባሯ ላይ ተከልኩላት። ብርቱካን ብዙ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። «አሁን ደግሞ የተቆጣች እማዬ።»

እንግዲህ ከቤት ማውጣት ነበረብኝ፤ አማቴ ሲመጡ አስቀድመው አይናገሩምና። በጨርቅ ጠቅልዬ ዳንግላ ወሰድኳት። ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ክር የለውም። አንዋርን «ቤቱ ስለጠበበኝ ነው፤ አንተ ዘንድ ትቆይ» አልኩት እንጂ የማን ፊት እንደሆነ አልነገርኩትም። «አንድ ጥግ ላይ አስቀምጣት» ማለቴን አስታውሳለሁ።

አንዋር ግን ጥግ የሚወድ ሰው አይደለም። የሱቁ መስታወት ውስጥ፣ በቁልፎቹና በበር እጀታዎቹ መሃል አቆማት። ያ አልበቃው ብሎ ከጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ማጉሊያ መነጽር ለምኖ ፊቷ ላይ ደገነው። ባቄላ የምታህል የነበረችው ፊት ብርቱካን የምታህል ሆነች፤ ፍሬዋን ማለቴ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የአማቴ የግቢ በር ቁልፍ ተበላሸ። አዲስ ቅዳም ቁልፍ ጠፍቶ አይደለም፤ እሳቸው ግን ከዳንግላ ያልተገዛ ቁልፍ ሌባ ሲመጣ ቆሞ ያሳልፋል ብለው ያምናሉ። በገበያ ቀን ወጡ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞሩ፣ አንዋር ደጃፍ ደረሱ።

አንዋር ደወለልኝ። ድምፁ የሠርግ ጠሪ ድምፅ ነበር። «አንዲት እናት ቁልፍ ሊገዙ መጥተው ንግሥቲቱ ፊት እንደቆሙ ቀሩ፣ ቁልፉንም ረስተውታል፣ ማን ሠራት ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ስምህን፣ የምትሠራበትን፣ እጅህ የተባረከ መሆኑን ሁሉ ነገርኳቸው» አለኝ።

«ምን ዓይነት እናት ናቸው?» አልኩት።

እያያቸው ነው መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ወንድሜ፣ ቅንድባቸው...» ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ያን ቀን ከሰዓት እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ለጉንፋን የመጣውን ሰው «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ እንደሸኘሁት ግን የሥራ ባልደረባዬ አጫውቶኛል። ቤት ስገባ ለብርቱካን ነገርኳት። አላዘነችልኝም። «እግሯ ላይ ውደቅ» አለችኝና ድንች ልትቀቅል ገባች። እኔ እየተንጎራደድኩ የይቅርታ ንግግር አዘጋጀሁ። ጥበብን ጠቀስኩ፣ ክብርን ጠቀስኩ፣ ሰባቱን ፕላኔቶች ጠቀስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች።

አማቴ ገቡ። ብርቱካንን ሳሙ። ለእኔ እጃቸውን ሰጡኝና «እንደምን ዋሉ፣ አንቱ?» አሉኝ። ተቀመጡ፤ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ፤ ንግሥቲቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። አንዋር አምጣ ሳይሉት አንሥቶ ሰጥቷቸው ኖሯል። አሁን ሁለቱም ቅንድባቸውን አንሥተው ያዩኛል፤ አንዷ ከወንበር፣ አንዷ ከጠረጴዛ።

ንግግሬን ልጀምር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እናቴን የት አገኟት?» አሉኝ።

ያዘጋጀሁት ይቅርታ ለሌላ ፊት ነበር። «እናትዎን?» አልኩ።

«እናቴን። እርስዎ ሳይወለዱ ነው የሞተችው። ፎቶ የላትም።» ከዚያ ቀስ ብለው አጫወቱን። ድሮ አንድ ፎቶ አንሺ ገበያ መጥቶ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሲነሣ፣ እናታቸው «መልኬን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ፎቶው እስካሁን ዘመድ ቤት ተሰቅሏል። «እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ነው፤ እናቴ ብቻ ነጠላ ናት» አሉ። «ድምፅዋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነበር። አንዳንዴ ተኝቼ ልሰበስበው እሞክራለሁ፤ አፍንጫዋ ሲመጣልኝ ዓይኗ ይሄድብኛል። ዛሬ ከቁልፍ መሃል ቆማ አየችኝ። እኔ እንኳ እሷን ብመስል አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ አባትሽን ነው የምትመስዪው ነው የሚለኝ።»

ብርቱካንና እኔ ተያየን። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ስትገጥመው አንደኛው ቅንድቧ ከፍ አለ፣ አገጭዋ ትንሽ ወደ ፊት መጣ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን ፊት እሷ ላይ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

«እኔ አላውቃቸውም፣ እማማ። እጄ ነው የሠራት» አልኩ። ከዚያ የተሻለ እውነት አልነበረኝም።

«እጅ የሚያውቀው አለ» አሉና ንግሥቲቱን አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስተኟት። በጣታቸው ጫፍ አረንጓዴ ጉንጯን ዳበሱ። በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሯት። የኔ አገውኛ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። ብርቱካን ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በኋላ ምን እንዳሏት ስጠይቃት «የእነሱ ነው» ብላኝ ቀረች።

ድንቹ ቀርቦ ጥቂት ከበሉ በኋላ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ስባል ከሰቀሉኝ ቦታ ወረድኩ። «ቅርፊቱም ግድ የለም፣ ጥበብ ነው እላለሁ። መልኳም ታማ ስለ ነበር እንዲህ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀንድ ግን አንሣልኝ። እናቴ ቁጡ ነበረች እንጂ ክፉ አልነበረችም።»

ሊጡ አንዴ ከደረቀ እንደ ድንጋይ መሆኑን፣ ቀንዱ ውስጥ ሽቦ ማለፉን፣ ልንቀለው ብል ግንባሯ አብሮ እንደሚሰነጠቅ በትሕትና አስረዳሁ። አማቴ አንድ በአንድ ሰሙኝ። ንግሥቲቱን አዟዟሯት፣ ከኋላ አዩአት፣ ከጎን አዩአት፣ አሰቡ። ቅንድባቸው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እንግዲያው ይኑር» አሉና መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። «ሰው ከጠየቀኝ አማቴ ናት እላለሁ።»