የአያ አንበሶ ባሕርና የጦጢት አንጠብጣቢ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። የዛሬው በረት ላም የለበትም፤ ዓሣ ነው ያለበት። አጥሩም እንጨት ሳይሆን መስታወት ነው።

ድሮ፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ንጉሡ አያ አንበሶ በእልፍኙ መካከል ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቆመ። ገንዳውን በጨው ውሃ አስሞላና ከሩቅ ባሕር ያስመጣቸውን ዓሦችና ኮራሎች ጨመረበት። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ነፍስ አለው፤ ያድጋል፣ ይርበዋል፣ ይታመማል። አጥንቱን የሚሠራው ከኖራ ነው። በሰፊው ባሕር ኖራው አያልቅም፤ በገንዳ ውስጥ ግን ኮራሉ የበላውን ያህል በየቀኑ የሚተካለት ይፈልጋል። ኖራው ካነሰ ኮራሉ ይገረጣል። ከበዛ ደግሞ ውሃው መርዝ ሆኖ ዓሣውን ይፈጃል።

ይህ ሥራ የእትዬ ኤሊ ነበር። በዚያ ጫካ ባሕር ውስጥ የሚኖር ዘመድ ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ነገሩን ታውቃለች ተብሎ ተሰጣት። ማለዳ ማለዳ መሰላሉን ትወጣለች። ምላሷን ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታጣጥማለች። ከዚያ ከእንስራው የኖራ ውሃ በማንኪያ እየቀዳች ታንጠባጥባለች። «ዛሬ ሠላሳ ጠብታ» ትላለች። «ዛሬ ደግሞ ሃያ ሁለት ይበቃችኋል።»

እውነቱን ለመናገር እትዬ ኤሊም ጻድቅ አልነበረችም። ወሬ ትወዳለች። አንድ ጊዜ ከአንዲት ብርቱካንማ ዓሣ ጋር ስትጫወት ቆጠራው ጠፋባትና ሃያ ሦስት ይሁን ሠላሳ ሦስት ሳታውቅ ቀረች። ሌላ ጊዜ የእህቷን ልጅ ልትድር ሄዳ፣ ሰርጉ ከመልሱ፣ መልሱ ከቅልቅሉ ተያይዞ ስምንት ቀን ቆየች። ስትመለስ ኮራሉ እንደ አመድ ገርጥቶ ጠበቃት። አያ አንበሶ ያን ቀን ያገሳው ማግሳት እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።

እንኮዬ ጦጢት ከሰው አገር አንድ ሳጥን ተሸክማ የተመለሰችው በዚሁ ሰሞን ነው።

«አንጠብጣቢ ይባላል» አለች በጉባኤው ፊት። «አይተኛም፤ ሰርግ አይጠራም፤ ወሬ አይወድም። መጠኑን አንዴ ከነገሩት ከእንስራው በቱቦ እየሳበ በየሰዓቱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል።»

የንጉሡ አማካሪ አያ ጅቦ ባሕር አይቶ አያውቅም። ቢሆንም ብድግ አለ። «ጃንሆይ፣ እኔም ትናንት በልቤ ይህንኑ ሳስብ ነበር ያደርኩት።»

እትዬ ኤሊ አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ አወጣች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ይቀምሳል?»

«ምን ሊያደርግለት ይቀምሳል እትዬ? መጠኑን አይረሳም አልኩ እኮ!»

«እሱስ አይረሳም። ኮራሉ ግን ሲያድግ አብዝቶ ይበላል፤ ሲታመም ይተዋል። ለኮራሉስ መጠኑን ማን ነገረው?»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም እጁን አወጣ። እንቅልፍ ወስዶት የነበረውን ጥንቸል እንኳ ጎረቤቱ እጁን አነሳለት። እትዬ ኤሊ ማንኪያዋን በአፏ ይዛ ወደ ቤቷ አዘገመች።

ሦስት ወር ሙሉ ነገሩ ማር ሆነ። ማሽኑ በሰዓቱ ጠብ ይላል፤ ኮራሉ ይፋፋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። እትዬ ኤሊ በልማድ ማለዳ እየመጣች ቀመስ ስታደርግ ውሃው ልክ ነበር። «ሐቅ ሐቅ ነው» አለች ለራሷ፤ «ከእኔ እጅ የሱ ይሻላል።» ለመቅመስ መምጣቷን ግን አልተወችም።

አንድ ቀን አያ ጅቦ መሰላሉ ላይ ያዛት። «ማሽኑን መጠራጠር ንጉሡን መጠራጠር ነው!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ገንዳው ላይ «መቅመስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። እትዬ ኤሊም እንግዲህ ካላችሁ ብላ ቤቷ ገብታ ጎመኗን መኮትኮት ያዘች።

ኖራ ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ያለፈበትን ቦታ ሁሉ ይጋግራል። ቀስ በቀስ የማሽኑ ቱቦ ውስጡ ጋግሮ ተደፈነ። ማሽኑ ግን ጠብታ መቁጠሩን አላቆመም። የሚወርድ ነገር ሳይኖር «ሠላሳ ወርዷል» ይላል። ኮራሉ መገርጣት ጀመረ። እንኮዬ ጦጢት ይህን አይታ «ቢያንሰው ነው» አለችና መጠኑን ጨመረች። አሁንም ገረጣ፤ አሁንም ጨመረች። አንድ እንኳ ምላሱን ውሃው ውስጥ የነከረ አልነበረም።

የንጉሡ ዓመታዊ ግብዣ ደረሰና እትዬ ኤሊም እንደማንኛውም እንግዳ ተጠራች። አራዊቱ እልፍኙን ሞልተው ገንዳውን ሲያደንቁ፣ የተጋገረው ኖራ ድንገት ተፈንቅሎ ወጣና የእንስራው ሁሉ ውሃ በቱቦው ተንዶለዶለ። የገንዳው ውሃ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ።

«ጃንሆይ!» አለ አያ ጅቦ እየዘለለ። «ባሕርዎ ወተት ሆነ! በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንዲህ ያለ በረከት ታይቶ ያውቃል?»

እልፍኙ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ኤሊ ግን እልልታው አልተሰማትም። ያቺ ብርቱካንማ ዓሣ ከነጩ ውሃ አናት ላይ አፏን ከፍታ አየር ስትለምን አየቻት።

መሰላል ለመውጣት ጊዜ አልነበረም። ቱቦው ግን በወለሉ ላይ፣ በእሷ ቁመት ልክ ያልፍ ነበር። እትዬ ኤሊ በሕይወቷ ሮጣ የማታውቀውን ሩጫ ሮጠችና ቱቦውን በአፏ ግጥም አድርጋ ነከሰችው። ቱቦው ተበሳ። የኖራው ውሃ ምላሷን እንደ ፍም ለበለበው። አልለቀቀችም።

«ማሽኑን ነከሰች! ያዟት! ከሃዲ!» አለ አያ ጅቦ።

እትዬ ኤሊ አፏ ተይዟልና ባንድ እግሯ ብቻ ወደ ገንዳው እየጠቆመች፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። አያ አንበሶ ዞር ብሎ ሲያይ ሁለት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

«ዝም በሉ!» አለ። «ውሃውን ቅዱ! ከመጠባበቂያው በርሜል ንጹሕ የጨው ውሃ አምጡ!»

ያን ቀን ዝሆን በኩምቢው፣ ዝንጀሮ በቅሉ፣ ንጉሡም በገዛ እጁ ነጩን ውሃ ሲቀዳና ንጹሑን ሲጨምር ዋለ። ከዓሦቹ ግማሹ ተረፈ፤ ከኮራሉ ሲሶው። ብርቱካንማዋ ከተረፉት ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ጉባኤ ተቀመጡ።

«ማሽኑ ያዘዝነውን አደረገ እንጂ ምን አጠፋ?» አለች እንኮዬ ጦጢት። ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም።

እትዬ ኤሊ ባበጠ ምላሷ እየተንተባተበች «እውነቷን ነው» አለች። «ማሽኑ አይጣል። እሱ ያንጠብጥ፤ እኛ በየማለዳው እንቅመስ። ቱቦውንም በየሳምንቱ እንጠብ። ከዚህ ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ሁሉም «ልክ ነው!» አለ። አያ ጅቦም ተነሣ። «ጃንሆይ፣ እኔም በልቤ ይህንኑ ሳስብ ነበር ያደርኩት። እንግዲያው የቅምሻ መሥሪያ ቤት ይቋቋም።»

መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ። አያ ጅቦ አለቃ ሆነ፤ ዘመዶቹ ዐሥራ ሁለት ቀማሾች ሆኑ። እትዬ ኤሊ የምስጋና ወረቀት ተሰጣትና ምላስሽ እስኪድን ቤትሽ ዕረፊ ተባለች።

በሁለተኛው ወር አያ አንበሶ አስጠራት። ኮራሉ እንደገና አመድ መስሏል። አያ ጅቦ ማኅተሙንና ወፍራሙን መዝገብ አሳያት። በየማለዳው መስመር ላይ «ተቀምሷል፤ መልካም ነው» ይላል፤ ከሥሩ ዐሥራ ሦስት ፊርማ አለ። አንድም ቀን አልተዘለለም።

«እስኪ አንቺ ንገሪኝ» አለ ንጉሡ ግራ ገብቶት። «ማሽን አለ፤ መሥሪያ ቤት አለ፤ መዝገብ አለ። ምን ጎደለ?»

እትዬ ኤሊ መሰላሉን ቀስ ብላ ወጣች። ጠባሳ ያለበትን ምላሷን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁሉ ሞልቷል ጃንሆይ» አለች። «የጠፋው የሚቀምስ ብቻ ነው።»